ቦታውን የሳተው እጥፍ

ጠራዡ ጥፋቱን እያወቀ አርባ ቀን ሙሉ ለምን ዝም አለ? እሱም ራሱ ቢጠየቅ፣ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ ይልጥ ነበር።

ሥራው የተበታተኑ መጻሕፍትን መስፋት ነው። የወረቀት ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ላይ እንደ ሕልም ሲንሳፈፍበት ይውላል። ከዘመድ ያለችው አንዲት ታላቅ እኅት ናት፤ ስኳር ስላለባት መርፌ ከእጇ አይለይም።

ተከታዮቹ «ገላጩ» የሚሉት ሰው አንድ የጥንት የራእይ መጽሐፍ አስጠረዘው። መጽሐፍ የሚሰፋው አንድ ላይ በታጠፉ ቅጠሎች፣ በእጥፍ በእጥፍ ነው፤ ጠራዡ ሲሰፋ አራተኛውንና አምስተኛውን እጥፍ አቀያየረ። «መድኃኒት የያዘች እጅ» ብሎ የሚያልቀው ገጽ «ትባረክ» ከሚለው ጋር መገናኘት ሲገባው፣ «ትቃጠል» ከሚለው ጋር ተጋጠመ። ገላጩም ከዚህች መጋጠሚያ ሰማይ የሰወረው ምስጢር አወጣ፤ ሰዉ የኪኒን ብልቃጡን እሳት ውስጥ ይወረውር ጀመር። ወሬው ሲደርሰው ጠራዡ ምን እንዳጠፋ ወዲያው ገባው። ግን ሌላ መጽሐፍ አንሥቶ መስፋቱን ቀጠለ።

በአርባኛው ቀን እኅቱን ሊጠይቅ ቢሄድ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ሩቅ አገር እያየ አገኛት።

«መርፌውን ከትናንት ጀምሮ ተውኩት» አለችው ፈገግ ብላ። «ቀለል ብሎኛል፤ ልበር ምንም አልቀረኝ። አሁን ወደ ገላጩ ጉባኤ ልሄድ ነው።»

ተከትሏት አዳራሹ ገባ። መጽሐፉን ከገላጩ ፊት አንሥቶ ክሩን በቢላ በጠሰው፤ ስፌቱ ሸፍኖት የነበረውንም የእጥፎች ቁጥር ለሁሉም አሳየ።

«እኔ ነኝ ያዛባሁት» አለ።

ገላጩ አልደነገጠም። «ወንድሜ፣ እጅህን ያሳተው ፈጣሪ ነው። ስሕተትህም ታዞልሃል።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

«እንግዲያ ምን ባጠፋ ነው ጥፋት የሚሆነው?» አለ ጠራዡ። የሰማው የለም።

ከመካከል ግን የእኅቱ ሳቅ ተሰማ። «ይሄ ልጅ እኮ እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ ሸሚዙን አዛንፎ ነው የሚቆልፍ! ያኔ አንድም ሰው ራእይ አላየበትም!» ከዚያም ዝግ ብላ፣ «ና ደግፈኝ፣ የኔ ጌታ፤ ዓይኔ ብዥ አለብኝ» አለችው።

ሌላ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። እሱ አዝሏት ሐኪም ቤት ደረሰ። በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ትንፋሿ የመጨረሻው እየመሰለው ሲያዳምጥ ነጋ። ሐኪሟ ገብታ «ተርፋለች» ስትለው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።