ከዜሮ አልጀምርም

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰፈሬ ጊንጆ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ጎረቤቶቼ መብራት መሄዱን የሚያውቁት በአምፖላቸው ሳይሆን በእኔ ጩኸት ነው።

ብጮህስ ይፈረድብኛል? የምሠራው ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ የኮምፓይለር ፕሮጀክት ላይ ነው። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ ከየአገሩ የፈለገ ሰው ገብቶ ያሻሽለዋል። በቅርቡማ ጥሩ እየሄደ ነበር። ኮድህ ላይ ስህተት ሲያገኝ የቱ ጋ እንደሆነ ጥርት አድርጎ መናገር ጀምሯል፤ ለስልክ የሚሆን ፕሮግራምም ማውጣት ችሏል። ችግሩ አዲሱን የኮምፓይለር ቅጂ በቀድሞው ቅጂ ከኮዱ አንስቶ መገንባት በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ግማሽ ቀን መፍጀቱ ነው። በተለይ ሁሉንም ባንድ ላይ የሚያዋህደው የመጨረሻው ክፍል መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ግማሽ ቀን ሳይጠፋ የሚውል መብራት እኛ ሰፈር ማን አይቶ! አንድም ቀን ጨርሼ አላውቅም። እኔ ያሻሻልኩትን ኮድ የሚገነቡልኝ ባሕር ማዶ ያሉት የፕሮጀክቱ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ እኔ ያለቀለትን አወርዳለሁ። የሰው እጅ እንደማየት ሆኖብኝ ያንገበግበኝ ነበር።

ባሌ በኤሌክትሪክ መኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው፤ የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ እኔ ስጮህ፣ እሱ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ተነሣ። መብራት ሲመጣ ፔዳሉን ረግጦ ከዚያው ቀጠለ። ዋላሂ ቅናት ያዘኝ።

"የኔስ ለምንድን ነው ከቆመበት የማይቀጥለው?" አልኩት።

"አቦ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ኮዱን የምትጽፊው አንቺ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ጻፍኩት። ኮምፓይለሩ እየሠራ በየመሐሉ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ፣ ድንገት ቢጠፋም ከዚያው እንዲቀጥል አደረግኩ። ወራት ፈጀብኝ፤ ግን በትንንሽ ፕሮግራሞች ስሞክረው ሠራ።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አልወደደውም። "መብራት ስንቴ ይጠፋል ብለሽ ነው? ለጥቂት ሰው ብለን ኮዱን ባናወሳስበው" አለኝ። ለጥቂት ሰው! ደሜ ፈላ። "በሚቀጥለው ስብሰባ በዓይንህ ታያለህ" ብዬ ጻፍኩለት። ወደ አዲሱ ቨርዥን የሚገቡት ማሻሻያዎች የሚወሰኑት በዚያ የቪዲዮ ስብሰባ ነው፤ ያመለጠው ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ቀኑ ደረሰ። በጠዋት ግንባታውን አስጀምሬ፣ ስብሰባው ሲከፈት ስክሪኔን አሳየኋቸው። ሐሳቤ መሐል ላይ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ መሰካት ነበር። ገና ስለ ሥራዬ ማስረዳት ስጀምር መብራት ሄደ። ላፕቶፑም፣ ዋይፋዩም፣ የባሌ የስፌት መኪናም ጸጥ አሉ። መጮህ እንኳ አቃተኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ትነፋረቂያለሽ፣ ተነሺ! ጅሬን ሰፈር፣ አክስቴ ጋ መስመሩ ሌላ ነው" ብሎ ባሌ ላፕቶፑን አቅፎ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ "መብራት ሄዷል፣ እንዳትበተኑ" ብዬ ጻፍኩላቸው። ዳገቱ ላይ ባጃጁ ሲያቃስት የምገፋው ይመስል ወደፊት ተደፍቼ ነበር።

የባሌ አክስት፣ እኔም አክስቴ የምላቸው፣ የቱርክ ድራማ ላይ ናቸው። የሚሠራው ሶኬት ደግሞ የቲቪው ብቻ ነው።

"አክስቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቲቪውን ልንቀለው።"

"አሁን? ልጅቷ አባቷን ልታገኝ ስትል?"

"አዎ፣ አሁን!"

ፊቴን አይተው "ማል ታኤ፣ ምን ሆነሻል?" እያሉ ራሳቸው ነቀሉት።

በስልኬ ኢንተርኔት ስብሰባው ውስጥ ተመልሼ ገባሁ። አልተበተኑም። "የት ጠፋሽ?" አለ አስተባባሪው። "መብራት ሄደ። ሌላ ሰፈር መጥቼ ነው" አልኩና ለላፕቶፑ የግንባታውን ትእዛዝ ደግሜ ሰጠሁት። ስክሪኑ ዝም አለ። ያ ረቢ! ከዚያ ሲጠፋ የነበረበት ቁጥር ላይ ብቅ አለ፤ ስልሳ ሁለት በመቶ። ትንሽ ቆየና ስልሳ ሦስት አለ።

ያ ፊቱ የማይፈታ አስተባባሪ መጀመሪያ ሳቀ። "እኔ ተሸንፌያለሁ፤ ወደ አዲሱ ቨርዥን ይግባ" አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ባሌ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበው፤ አክስቴ ምን እንደተባለ ሳያውቁ እልልታቸውን አቀለጡት። ፈረንጆቹም አጨበጨቡላቸው።

ስብሰባው አለቀ፤ እኔ ግን ከዚያ ወንበር የሚያስነሣኝ አልነበረም። አክስቴ ድራማቸውን ረስተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። "ምነው ሰማንያ ላይ ቆመ? አትቆጪውም?" ይላሉ። ባሌ ወጥቶ ሳምቡሳ ይዞ መጣ፤ ዓይናችንን ከቁጥሩ ሳናነሣ በላን። ልቤ ይመታል፤ መብራቱ እዚህም ቢሄድ እንደሚቀጥል እያወቅኩ ይመታል። ሊመሽ ሲል መቶ ሞላ፤ "አለቀ" የምትል አንዲት አጭር መስመር ወጣች። ሌላ ምንም የለም።

"በቃ? ይቺው ናት?" አሉ አክስቴ።

"ይቺው ናት" አልኳቸው፣ እንባዬ እየወረደ። ስንት ዓመት ስሠራበት መጨረሻው ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።