አጎቴ ያዘዙልኝ ቴክኖ

ዘፋኝ የሌለውን፣ ዱም ዱም እያለ ሳይደክመው የሚሄደውን የፈረንጅ ጭፈራ ሁሉ እኛ መካነ ሰላም ውስጥ ቴክኖ ነበር የምንለው። ሌላም ስም ይኖረው ይሆናል፤ አልጠየቅንም። ታላቅ ወንድሜ ደሴ አክስታችን ዘንድ ከርሞ ሲመለስ አንድ ካሴት በኪሱ ይዞ መጣ። በሁለቱም ገጹ የሚገባን ቃል አልነበረበትም፤ የወደድነውም ለዚህ ነው። የሚገባንማ ዘፈን ሞልቶ ነበር። ሁሉም ሊመክረን ወይም ሊያስለቅሰን የተዘጋጀ ነው። ቴክኖ ግን ከእኛ ምንም አይፈልግም፤ ተነስ ብቻ ይላል።

ቴፑ ትንሽ ስለነበር ድምፁ እንዲወፍር ብለን የእናታችን የጠላ ጋን ውስጥ እንከተው ነበር። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ደግሞ ከጋኑ ሆድ ዱም ዱም ይላል። አጨፋፈሩን የሚያሳየን ቪዲዮ ስላልነበረ እርምጃውን ወንድሜ ከራሱ ፈጠረው። ግራ እግር መሬት ላይ ይተከላል፣ ቀኙ ይዞረዋል፣ እጅ በር እንደሚገፋ ሰው ወደ ፊት ይሄዳል። ፈረንጆቹ ቢያዩን በሳቅ ይሞቱ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አንድ ቀን መጥተው ጋኑ ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና "ይሄ ወፍጮ ነው እንጂ ዘፈን ነው? ወፍጮስ ዱቄት ይሰጣል" አሉ። እናታችን ሳቀች። እኛ ቂም ያዝን።

ከዚያ ወዲያ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ፤ ወንድሜ ደሴ ገብቶ ነገደ፣ ወለደ፣ ታመመ። ቴክኖውን ግን አልተውነውም። ሲደውልልኝ ከሰላምታ በፊት በአፉ ዱም ዱም ይላል፤ እኔም እመልስለታለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው እንዳይሰማኝ በር እዘጋ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ይናፍቀኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ናፍቆት የመጣው ጉልበቴ መንቋቋት ሲጀምር ነው።

ዘንድሮ በጥር አጎቴ የመጨረሻ ልጃቸውን ዳሩ። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ኩላሊቱ ነው፣ የአክስታችን ልጅ ያስታምመዋል። በሰርጉ ዋዜማ ደወለና "ሰርጉን እንዳትቀር፤ የኔንም ድርሻ ጨፍር። በማግስቱ ግን ና፣ ልይህ" አለኝ። እሺ አልኩት። ለማግስቱ ሚኒባስ ላይ ቦታ ያዝኩ። ዘፈን ከሚጭነው ልጅ ዘንድ ሄጄም ያንን የካሴቱን ጭፈራ ስልኬ ላይ አስጫንኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጆሮው ላይ ላደርግለት ነበር ሐሳቤ።

ቀጥሎ ያለውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሰርጉ ለት ማለዳ ለአጎቴ ከደሴ ተደወለ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል፤ በሽተኛው ወንድሜን አምጡልኝ ይላል፤ ዛሬውኑ ይነሳ ተባለ። አጎቴ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ፣ ባለቤቴንም ጠሩ። እኛ አገር ሞት እንደ ዜና ዘው ተብሎ አይነገርም። ይሸሸጋል፤ ሰርግ ካለም ሰርጉ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ ከዚያ ንጋት ላይ ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። ደግ ልማድ ነው፣ አልክድም። ልማዱ ግን ለሞተ ሰው ነው፤ የሞተ ሰው አይቸኩልም። ሞቶ የተደበቀ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ ሳይሞት የተደበቀ ከወንድሜ በቀር አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ሙሽራዋ ፊት እንባ አይፈስም፣ በሽተኛውም እስከ ነገ ይቆያል ብለው ፈረዱ። ይቆያል ብሎ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ባለቤቴ "ስልክህ ሊዘጋ ነው፣ ቻርጅ ላርግልህ" ብላ ወሰደችልኝ። ምሳ ተበላ፣ ጠላው ዞረ። ከሰዓት በኋላ ለወንድሜ ልደውል ብዬ ስልኬን ፍለጋ ከዳሱ ስወጣ አጎቴ ክንዴን ያዙኝ።

"አብሽር ልጄ፣ የት ልትሄድ ነው? ያንተን ወፍጮ ሳታስፈጭማ አትወጣም!"

ዲጄውን በከዘራቸው ጠሩት። "ያን የድሮውን፣ ቃል የሌለውን አምጣለት።" ስልኬ ላይ የጫነልኝ ራሱ ስለነበር ፍለጋ አላስፈለገውም።

ስፒከሩ ዳሱን ሲያርገፈግፈው እንባዬ መጣ። ሞኝ ነኝ፤ አጎቴ ከስንት ዓመት በኋላ ገባቸው ብዬ ነው ያለቀስኩት። ግራ እግሬን ተከልኩ፣ ቀኙን አዞርኩ። ጎረምሶቹ "ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ከየት ተቆፍሮ ወጣ?" እያሉ ተንከተከቱ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም፤ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ሲያልቅ አጎቴ "ድገምለት" አሉ። ተደገመ። ደግሞ አስደገሙት። በሬ እርሻ ላይ በፉጨት እንደሚያዝ እኔም በዘፈን ተያዝኩ። በሕይወቴ የዚያን ለት ያህል የተደሰትኩበት ቀን የለም፤ ይቅር የማልላቸውም ይህንኑ ነው።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ ተከናንበው የቆሙትን ሳይ ገባኝ። "እግዜር ያጥናህ፤ ወንድምህ ማታ አርፏል። አስከሬኑ እየመጣ ነው" አሉ አጎቴ።

መቼ እንደጠናበት ጠየቅሁ። ሳያፍሩ ነገሩኝ።

"ለሙሽራዋ ብለን ነው። አንተም ብትሆን እንዲሁ ታደርግ ነበር።"

"ያኔውኑ ብትነግሩኝ አቀስታን አልፌ ከሰዓት ደሴ እደርስ ነበር" አልኳቸው።

"መንገዱስ ይታመናል?" አሉኝ። አስከሬኑ በዚያው መንገድ እየመጣ ይህንን ከአፋቸው ሲያወጡ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። እናቴ ብትኖር በዚያው ከዘራ ታባርራቸው ነበር። እኔ ግን ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንዳይደፈር ነው፤ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ።

ሰልስቱ አልፎ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ባለቤቴን ብቻዋን አገኘኋት።

"ያን ለት ደውሎ ነበር?"

"ደውሎ ነበር" አለች ወዲያው፤ ጥያቄውን ስትጠብቅ እንደከረመች ያስታውቅባት ነበር። "አነሳሁት። እየመጣ ነው፣ መንገድ ላይ ነው አልኩት።"

"የት ሆነሽ?"

"ከዳሱ ኋላ።"

"የትኛው ዘፈን ነበር?"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ማጨብጨቡ፣ ድገምለቱ፣ ሁሉም ደሴ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው።

"ምን አለ?"

"ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጠ። ከዚያ 'ተይው፣ አትጥሪው' አለኝና ዘጋው።"

አዝኖብኝ ይሁን አዝኖልኝ ማወቅ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው ሌላ ነገር የለም። ሲናገር ድምፁ እንዴት ነበር ብዬ ለመንኳት። ሳቅ ነበረበት? ተቆጥቶ ነበር?

"ዘፈኑ ተደግሞ ስፒከሩ ይጮህ ነበር" አለች፤ "በደንብ አልለየሁትም።"