የፈረንሳይ ገጠር ቢራ በጀርሚስተን

ዛሬ ከፈረንሳይ ገጠር የመጣ ቢራ ቀምሼ አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩ።

የጎረቤቴ የአስቴር ልጅ ቅዳሜ ታገባለች። የሰርጉን ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝ፤ ጥንስሱም ተጥሏል። የሙሽራው አጎት ግን "ጠላው ይቅርና ይሄ ይቅረብ" ብሎ እኛ የምንኖርበት ከተማ ጀርሚስተን ድረስ ጠርሙስ ተሸክሞ መጣ።

ብርጭቆ ሥር ጠብ አደረገልንና "መጀመሪያ አሽትቱት" አለ። እንግዳ ተጠርቶ ሊያሸት ነው እንግዲህ።

"ምነው ደፈረሰ?" አልኩት።

"ሳይጣራ ነው የሚጠጣው እትዬ፣ ጥበቡ እሱ ነው።"

እኔ ያልጠለለ ጠላ ለሰርግ ባቀርብ እዚያ ማዶ ቤሪያ ያሉ አበሾች ድረስ ታማሁ ማለት ነው። የእሱ ሲሆን ጥበብ ነው።

አስቴር የራሷን ብርጭቆ ማጠቢያው ላይ ደፋችና አጎትየው እየሰማ "እህቴ፣ አንድ በርሜል ጨምሪልኝ" አለችኝ።

እናንተስ፣ ጥበብ ነው ተብላችሁ ምን ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?