የአባባ ኢብሮ አውራ ጣት

ጭሮ የገባሁ ዕለት የመጀመሪያ ሥራዬ መስኮት መዝጋት ነበር። አገሬ ደሴ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። የምርምር ክፍሉ ባጃጆች ከሚቆሙበት መንገድ ፊት ለፊት ነው። አለቃዬ ዶክተር ታምራት ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ የተቀጠርኩት ለድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ ያንን ጡሩምባ ዝም እንዳሰኝላቸው ነገሩኝ። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ቸነከርን። ጡሩምባው ግን እስከ ዛሬ ይገባል።

ሥራችን እንዲህ ነው። ታማሚው ትናንሽ መብራቶች የተሰኩበት ቆብ ያጠልቃል። መብራቱ ከራስ ቅል ሥር ያለውን የደም ለውጥ ያነባል። በጆሮ ማዳመጫ አንዴ ስሙን፣ አንዴ ትርጉም የሌለው ጫጫታ እናሰማዋለን። አንጎሉ ሁለቱን ከለየ ከደሙ ይታወቃል።

የእኔ ድርሻ እያንዳንዱ ድምፅ መቼ እንደሚሰማ መወሰን ነው። ደም ቀርፋፋ ነው፤ ድምፁ ካለፈ በኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ድምፆቹን ሳቀራርባቸው አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ሳራርቃቸው ታማሚው እንቅልፍ ይወስደዋል። ዶክተሩ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ «የኛ ሰዓት ሠሪ» ይሉኛል።

አባባ ኢብሮን ባለቤታቸው እማማ ሀሊማ ናቸው ከሂርና በሚኒባስ ያመጧቸው። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ልጆቻቸው አጠገባቸው ቆመው፣ እንደሌሉ ሰው ስለ እሳቸው ማውራት ጀምረዋል። ስለ ምርምሩ የማስረዳውን እማማ ሀሊማ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አሉኝ። «ስጠራው ይሰማኛል ወይ?» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ድሮም ስጠራው አይሰማኝም ነበር። ያኔ ግን እያወቀ ነው።»

ዶክተሩ ይህ ምርምር እንጂ ምርመራ እንዳልሆነ፣ የቆቡንም ውጤት ለቤተሰብ እንደማንናገር ገለጹላቸው። እማማ ሀሊማ «ኤዬ፣ እሺ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ቀረ።

ሽማግሌው ቶሎ ስለሚደክሙ፣ ከዶክተሩ ጋር ተማክረን ድምፆቹን አቀራርበን በእኩል ርቀት ደረደርናቸው። ውጤቱ ዝርግ መስመር ሆነ። ስማቸውና ጫጫታው አልተለዩም። ዶክተሩ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩ። የሽማግሌው ግራ እጅ መንቀጥቀጥ ቀረጻውን ሳያበላሸው እንዳልቀረ ተናገሩ። ከገለምሶ የሚመጡ ሌሎች ታማሚዎች ስላሉም የአባባ ኢብሮን እዚህ ላይ ብንዘጋው ይሻላል አሉ።

ከመዘጋቱ በፊት መንቀጥቀጡ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቼ ላውጣ ብዬ በቀረጻው ጊዜ የተነሣውን ቪዲዮ ከፈትኩ። መንቀጥቀጥ አልነበረም። አውራ ጣታቸው ከትንሿ ጣት ግርጌ ይነሣል፣ አንጓ በአንጓ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ጣት ይሻገራል። ጣቶቹ ሲያልቁ ወደ ትንሿ ይመለሳል። እኔ ራሴ ከሰላት በኋላ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ዚክር እያደረጉ፣ የአላህን ውዳሴ በአንጓ እየቆጠሩ ነበር።

በዓይኔ አይቼ ያላወቅኩት በግራ እጅ ስለሆነ ነው። እኛ የምንቆጥረው በቀኝ ነው። አባባ ኢብሮ ግን ቀኛቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

ዶክተሩን ጠርቼ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩት።

«ጣታቸው ከድምፁ ቀድሞ ነው አንጓው ላይ የሚደርሰው» አልኳቸው።

«እንግዲያው የያዙት ምቱን ነው። ስማቸውን አያዳምጡም» አሉ።

ችግሩ ሁለት ነበር ማለት ነው። የደሙ ለውጥ ተደራርቧል፤ ሰውየውም በሰጠናቸው እኩል ምት ዚክራቸውን ይዘዋል። ድምፆቹን እንደገና ደረደርኳቸው፤ አንዱን ቅርብ፣ ሌላውን ራቅ፣ አንዳንድ ቦታ ድምፅ ሲጠበቅ ዝምታ። ጊዜው ስለረዘመ ዶክተሩ ቅር አላቸው። መሐል ላይ እረፍት እንደሚኖር ስነግራቸው ተስማሙ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አውራ ጣቱ እንደለመደው ጀመረ። አንጓው ላይ ደረሰ፤ ድምፁ አልመጣም። ጣቱ አየር ላይ ቆመ። ቆይቶ ስማቸው ተጠራ፤ ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። አሁን እያዳመጡ ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ የስማቸው መስመር ከጫጫታው ተለይቶ ወጥቶ አየነው። በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እማማ ሀሊማ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ልበላቸው ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኩ።

«የቆቡን አትነግሪያቸውም» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «እጃቸውን ግን ማንም ሰው ማየት ይችላል» አሉ።

እማማ ሀሊማን ወደ ውስጥ አስገብቼ የአባባ ኢብሮን ግራ እጅ እንዲያዩ ነገርኳቸው። ሱብሓነላህ፣ ሱብሓነላህ አልኩ፣ በእኩል ርቀት፣ ቀስ ብዬ። አውራ ጣቱ ተነሣ። እማማ ሀሊማ ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሱብሓነላህ ማለቱን ከእኔ ተቀበሉኝ። ጥቂት ብለው ድንገት አቆሙ። ጣቱ አንድ አንጓ አለፈና ቆመ።

«አየሽው?» አሉኝ ዓይናቸውን ከእጁ ሳያነሡ። «እየጠበቀኝ ነው።»

ይህን ሥራ አሁን ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው። ድምፅ ስትደረድሩ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ጊዜ ባዶ አድርጋችሁ አትዩት። ሰውየው እዚያ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ።