ሰማይ የነካው መደርደሪያ

ሰዓት ሠሪው እግሮቹ አይታዘዙለትም እንጂ እጆቹ ለጉንዳን የሚሆን ሰዓት ይጠግናሉ። ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ረዳቱ አጥባው፣ አልብሳው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስቀምጣው ትሄዳለች። ሻዩን የሚያፈላው ራሱ ነው።

ያውም እህቱ ከፈቀደችለት። እሷ በየሳምንቱ ቤቱን "ላስተካክል" ብላ ትመጣና ስኳሩንም ብርጭቆውንም ቀጭኔ ተንጠራርታ የማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ትሰቅለዋለች። በማግስቱ ረዳቱ ስታወርድ ታረፍዳለች።

ትናንት ጠዋት፣ ረዳቱ የተሰቀለውን ገና ሳታወርድ፣ እህትየው አጎታቸውን ይዛ ከች አለች።

"ይዩት አጎቴ፣ ብርጭቆ እንኳ ማንሳት አቅቶታል። እኔ ጋ ይግባና ይሄ ቤት ይከራይ።"

ረዳቱ ደሟ ፈላ። "እትዬ፣ የእርስዎን ብርጭቆ ጣሪያ ላይ ብንሰቅለው እርስዎስ ያነሱታል?"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"እኔ" አለ ሰዓት ሠሪው፣ ካቻቢቴውን ለረዳቱ እያቀበለ። "መደርደሪያውን ንቀይልኝ።"

ወንበር ላይ ወጥታ መደርደሪያውን ፈታችና በጉልበቱ ከፍታ ልክ አሰረችው። እሱም ሻይ አፍልቶ ለአጎቱ ቀዳ።

"ታዲያ እኔ ዕቃውን የት ላስቀምጠው ነው?" አለች እህትየው።

አጎትየው ሻያቸውን ፉት አሉ። "አንቺ ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ። እሱ እንደሆነ ቤቱ ነው ያለው።"