የኮብላይዋ ሙሽራ ዘበኞች

ልጅ ሳለሁ የካዛንቺሱ ቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር፤ ኮርኒሱ ደግሞ አቡጀዴ። በጋ ይጠብሰን፣ ክረምት ያንዘፈዝፈን ነበር። ያንን ጣሪያ ከአባባ በላይ የሚሰድበው አልነበረም። አባባ አያቴ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍራሽ ሲሰፉ የኖሩ፣ ከጢማቸው ጥጥ የማይጠፋ ቁጡ ሽማግሌ።

ያኔ ማታ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ለኩሰን ማንደጃውን እንከብና ያቺኑ ተረት እንለምናቸዋለን። ሙቀት የምትባል ኮብላይ ሙሽራ ነበረች። አማቷ ዘበኛ ቢቀጥሩባት፣ ቆርቆሮ «ይለፉ እመቤቴ!» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። ድንጋይ ትንሽ አንገራግሮ ለቀቃት። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቃቅፎ እስከ እኩለ ሌሊት ያዛት። ጥጥ ግን አልታገላትም፤ ሆዱ ውስጥ እልፍ ጓዳ ነበረውና፣ ካንዱ ወዳንዱ ስትገባ መውጫው ጠፍቷት እዚያው አነጋች። እኔም እውነት ይሆን ብዬ አንዱን ጣሳ ሻይ በጋዜጣ፣ ሌላውን በጋቢ ጠቀለልኩ። የጋዜጣው ቀድሞ ቀዘቀዘ፤ አባባ አልዋሹም።

አንድ ክረምት እህቴ ሰዓዳ ቀኗ ሳይደርስ ተወለደች። ከሆስፒታል ስትመጣ «ብርድ እንዳይነካት» ተብሎ ነበር። ጭሱ እንዳይጎዳት ማንደጃው ወደ ውጭ ወጣ፤ እኛም ጥጥ በጥጥ አደረግናት፤ ጋቢ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የጎረቤት ጋቢ ሳይቀር። አንድ ቀን ማምሻውን እናቴ እጇን ሰደድ አድርጋ «ኧረ እግሯ በረዶ ሆኗል! ማልቀስም ትታለች!» ብላ ጮኸች። ሌላ ጋቢ ይዤ ስሮጥ አባባ ከእጄ መነጨቁኝ።

«ተይ ልጄ! ሙሽራይቱ እቤት ከሌለች ጥጥ ማንን ይጠብቃል?»

እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። እናቴን «ራቁቷን ደረትሽ ላይ አድርጊያት፣ እኛ ከላይ እናለብሳችኋለን» አሏትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰዓዳ ከእናቴ ገላ ጋር ተጣበቀች፤ ጋቢው ከሁለቱ በላይ ሆነ። ኩራዙ ላምባውን ሊጨርስ ሲል አለቀሰች። አልሐምዱሊላህ! ለቅሶ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገባን። ብሎኬቱ ከቆርቆሮው ሳይሻል አይቀርም፤ አባባ ግን ባለፈው ክረምት እዚያው ታመው ተኙ። ሰዓዳ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ትደርባለች። እኔ እግራቸውን ብዳብስ ቀዝቅዟል፤ ሙሽራይቱ ጓዟን እየሸከፈች ነበር። ለሰዓዳ እንዴት ብዬ ልንገራት? እሷ ግን ድንገት የሹራቧን ቁልፍ ፈትታ እጃቸውን ደረቷ ላይ ሸጎጠችው። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አረፉ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ ጋቢያቸውን ስገልጠው ውስጡ ገና ለብ ይላል። ዛሬም ያንን ጋቢ ሳጥፍ፣ የቀረ ነገር ካለ እንዳይወጣብኝ ቀስ እላለሁ።