ሽቦው ደህና ነበር

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለፓስተሬም አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ አልፈው ነበር እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እስከ ትናንት ድረስ ከአፌ አልወጣም። አሁን ግን ልጥራው፦ የጓደኛዬን እህት ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ካቃጠልኳት በኋላም ጥፋቱን በወንድሟ ላይ አላከክኩ።

ነቀምቴ ውስጥ ፋይበር እሠራለሁ፤ የተሰበረ የባጃጅ ፊት፣ የመኪና ባምፐር፣ ሰው የሚያመጣውን ሁሉ። ገመቹ ከጎኔ የባጃጅ ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ሽቦ ሲዘረጋ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ነው። አባቱ ወንጌላዊ ሆነው የጉቶ ጊዳን ገጠር የዞሩባት አሮጌ ሞተር ነበረችው፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ እንደገና ሊያስነሳት ቆረጠ። ሽቦውን እሱ፣ ቦዲዋን እኔ ልንሠራ ተስማማን።

ፓራፋንጎዋን ሠራሁ። የጎን ሽፋኖቿንና የኋላ ጅራቷን ሠራሁ። ጀሶ ቀርጬ፣ ሰም ቀብቼ፣ ፋይበሩን ሬዚን በሚባለው ማጣበቂያ ፈሳሽ እያራስኩ ደረብኩ፤ ስቱኮ መርጌ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። እስከዚያ ድረስ እጄ ንጹሕ ነበር። የረከስኩት ቤንዚን ታንኩ ጋ ስደርስ ነው። የብረቱ ታንክ ዝጎ ተበልቶ ነበር። ገመቹ፣ “በብየዳ እናስደፍነውና አንተ ላዩን ብቻ በፋይበር አልብሰው” አለኝ። እኔ ግን ወገቡ የገባ ቀጭን ታንክ በዓይኔ ይዞርብኝ ነበር። ሙሉውን በፋይበር ልሥራው አልኩት።

“ቤንዚኑስ አይበላውም?”

“ለቤንዚን የሚሆን ሬዚን አለ። ለእኔ ተወው፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ።”

እንዲህ ያለ ሬዚን መኖሩ እውነት ነው። እኔ ጋ ግን አልነበረም። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው፣ የተለመደው ሬዚን ቤንዚን ሲነካው እንደሚልፈሰፈስ ደጋግሞ ነግሮኛል። አላወቅኩም ልል አልችልም። አውቄ ነው! ደህናው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ሲሬ ያሉት የእነ ገመቹ ዘመዶች ድግስ ደርሶ ነበር፤ በሞተሯ ሊሄዱ አስበዋል። ሰው ሞተሯን አይቶ “ማን ሠራት?” እንዲል ፈለግኩ። ለዚህ ብቻ ነው ያደረግኩት።

ቤንዚን ሞልተናት አደረች። በጉዞው ጠዋት የታንኩን ሆድ ስዳብሰው ቀለሙ ኩፍ ብሏል። አውራ ጣቴን ስጭነው ሰመጠ። ቤንዚን ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ በጨርቅ ጠረግኩትና ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። “ቆይ” የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። የገመቹ እህት ጫልቱ፣ “አባዬ ገጠር ሲሄድ እንዲህ ነበር የሚያፈናጥጠኝ” እያለች ከወንድሟ ኋላ ወጣች። ቀሚሷን ሰበሰብኩላት! “ጠበቅ አድርገሽ ያዢው” አልኳት!

ፎቶ ላነሳቸው በባጃጅ ተከተልኩ። ከከተማው ሳይወጡ እሳቱ ከታንኩ ሥር ቦግ አለ። ገመቹ ሞተሯን ጥሎ እህቱ ላይ ተደፋ፤ የሚነደውን ቀሚሷን በባዶ እጁ ያጠፋ ጀመር። አንድ እግሯና አንድ ክንዷ ተቃጠለ። ታንኩ ነድዶ አለቀ። የሚመሰክርብኝ ነገር አልቀረም። ደስ አለኝ። ሰማችሁ? እሷ እየጮኸች፣ እኔ ታንኩ በመንደዱ ደስ አለኝ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ገመቹ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ይዞ መጣ።

“ታዴ፣ ከኋላችን ነበርክ። እሳቱ ከየት ነው የመጣው?”

“ከመብራቱ ሽቦ ይመስለኛል፤ ሲፈነጥቅ አይቻለሁ” አልኩት።

ምን አየሁ? ምንም።

ከዚያ ወዲህ ገመቹ ሽቦ አልነካም። ሱቁን ዘግቶ ኡኬ ገጠር ገባ፤ በቆሎ ያርሳል። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ሊሰጥ ቆሞ፣ “እህቴን በገዛ እጄ አቃጠልኳት” ሲል ጉባኤው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። “ጌታ ያጽናህ” ብዬ አቀፍኩት። ያ ያቀፈው ክንድ ምን ዓይነት ክንድ ነው? ለምን አልተሰበረም?

ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ሱቄ መጣች። ልታገባ ነው።

“ገመቹ ሰርግሽ ላይ አልቆምም አለኝ” አለች። “‘የሙሽራው ቤተሰቦች ጠባሳሽን ሲያዩ ምን ይሉኛል’ ይላል። እንኳን ሰርግ፣ ፊቴንም ቀና ብሎ አያይም። አንተን ይሰማሃል፤ ለምንልኝ።”

እኔን! አማላጅ አደረገችኝ። ውስጤ ነደደ። የተናደድኩት በእሷ አይደለም፤ ሁሉም በሚያምነው፣ ሁሉም በሚወደው በዚህ በታዴ ነው።

ትናንት አብረን ኡኬ ሄድን። እሷ ባለችበት ነገርኩት፤ ሬዚኑን፣ የሰመጠውን ጣቴን፣ የሆስፒታሉን ውሸት። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

“ሽቦው ደህና ነበር?” አለ ብቻ።

“ደህና ነበር።”

እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና መለስኩለት። የገዛ እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን ፊት ለፊት አያት። ጫልቱ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ “ዲፋማ” ልል አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

“ለእኛ አይደለም። እሱ ምስክርነት የሰጠበት ቦታ ቆመህ፣ ያኔ ለሰሙት ሁሉ ንገር። ሰርጌ ላይ ወንድሜ ይቆማል። አንተ እንዳትመጣ።”

እሁድ እቆማለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ ሰይጣን ታንክ አይሠራም። እኔ ሠራሁ፣ እኔ አየሁ፣ እኔ ጠረግኩ፣ እኔ ዋሸሁ። ይቅር ሊለኝ የሚቸኩል ካለ ይቆይ። ገመቹ ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ሆኖ ስንት ዓመት ቆይቷል።